ስልሳ ሁለት ኪሎ

ፑኔ፣ ሕንድ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ይሄይስ፣
ወረታ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በደህና ያግኝዎ። የአያቴ የእማማ ዙፋን ወንድም ነዎት፤ ከእርሷ የቀሩኝ ደግሞ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ እንደ ልጅ ደፍሬ እጽፋለሁ። በነሐሴ ቻላቸውን ውኃ ወሰደው ሲሉኝ ፈተና ላይ ነበርኩ። ለቅሶ አልደረስኩም። በስልክ ላገኝዎ ብል አክስቴ ንግሥቲ «ስልክ ወደ ጆሮው አያስጠጋም፤ ከፈለግሽ ጻፊለት» አለችኝ። አንድያ ልጁን ለቀበረ አባት ምን እንደሚጻፍ አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎ።

የምጽፈው ግን እርዳታም ፈልጌ ነው። ኮሌጃችን ውስጥ ሮቦት ከሮቦት የሚያዋጉበት ውድድር አለ። ሮቦት ስልዎ ሰው መሳይ አይምሰልዎ፤ ከሩቅ የሚነዳ፣ ጎማ ያለው፣ ከስምንት ኪሎ የማይበልጥ የብረት ሣጥን ነው። ሁለቱን አጥር ውስጥ ይለቋቸዋል፤ ሦስት ደቂቃ ይጋጫሉ፤ መንቀሳቀስ ያቃተው ይሸነፋል። አንዳንዱ መጋዝ አለው፣ አንዳንዱ መዶሻ። እኛ ጀማሪዎች ነን። የኛ ሮቦት ከባላጋራው ሥር ገብቶ የሚገለብጥ ክንድ እንዲኖረው ወስነናል፤ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሠራነው፤ ነገር ግን ያነሳል እንጂ አይገለብጥም። ባላጋራውን ብድግ ያደርገውና መልሶ ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል። ጓደኛዬ ሮሃን «ይሄ መሣሪያ ነው ወይስ ሞግዚት?» እያለ ይስቅብኛል።

የሩዝ መፈልፈያውን ማሽን ያለ አስተማሪ ፈትተው የገጠሙት እርስዎ ነዎት። የጎደለንን ይንገሩኝ። ሥዕሉን አብሬ ልኬያለሁ።

አክባሪዎ፣ አመተ ሥላሴ


ወረታ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አመተ ሥላሴ፣

እኔ አለሁ። ቁሐር ሚካኤል ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ፤ ጣቶችሽንም ከብረት ይጠብቅልሽ። ወረቀትሽ አንድ ወር ተጉዞ ትናንት ደረሰኝ።

ቻላቸውን ውኃ ወሰደው ብለው የነገሩሽ ልክ አይደለም። ውኃ ወደተለቀቀበት ይሄዳል እንጂ ሰው መርጦ አይወስድም። የርብ ወንዝ ሲሞላ አለምነህ የራሱን ሩዝ ለማዳን ብሎ ክትሩን በዶማ ቆርጦ ውኃውን ወደ ታች ለቀቀው። ታች ቻላቸው ጥጆች እያወጣ ነበር። ይህን አንዴ ጻፍኩልሽ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ክንድሽ። ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ ግን ሰነፍ ነው። ማንሳት ሌላ፣ መገልበጥ ሌላ። አንቺ ሞተሩ መቶ ጊዜ ሲዞር ክንዱ አንዴ እንዲዞር ጥርስ ደርድረሻል። ጥርስ ስታበዢ ጉልበት ታገኛለሽ፣ ፍጥነት ታጪያለሽ። ባላጋራሽ ስምንት ኪሎ ቢሆን አንድ ጎኑን ለማንሳት አራት ኪሎ ይበቃሻል፤ ሌላውን ጎን መሬት ይሸከምልሻል። ስለዚህ ከመቶ ወደ ሃያ አውርጂው።

ደግሞም ክንዱን ከሞተሩ ጋር አጥብቀሽ አትሰሪው። ሩብ ዙር ልል ተዪለት። ሞተሩ መጀመሪያ ባዶውን ይሩጥ፤ ከሮጠ በኋላ ክንዱን ይምታው። እኔም የሩዝ ማሽን ስጀምር ቺንጋውን፣ የማዞሪያውን ቀበቶ፣ አላልቼ ነው፤ የማጠብቀው ሞተሩ ሲሮጥ ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ሦስት የተቃጠለ ሞተር ነው።

ክንዱ ከኋላ ይታጠፍ፤ የጫፉ ከንፈር መሬት ይላስ። የፎገራ ኮርማ ሲዋጋ አይተሻል። የሚያሸንፈው የሮጠው አይደለም፤ አንገቱን ከሌላው ሆድ በታች ያስገባው ነው። ከከንፈሩ ሥር ወረቀት ካለፈ ሥራሽ አላለቀም።

ሠርተሽ ጻፊልኝ። ቁጥር ስትጽፊ በፊደል ጻፊው፤ አሃዝ ሰው ያሳስታል።

ይሄይስ


ፑኔ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሄይስ፣

ጤና፣ ሰላምና ዕድሜ ለእርስዎ ይሁን።

ሠራ! ጥርሱን ሃያ ለአንድ አደረግነው፤ ሩብ ዙሩንም ልል ተውንለት። ሮሃን «ሩብ ዙር ባዶ መተው ብክነት ነው» ብሎ ሁለት ቀን ተከራከረኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከንፈሩ ላይ አስቀምጠን ቁልፉን ተጫንን። ባትሪው ዘሎ የጠረጴዛውን መብራት ሰበረ። ሮሃን ከወንበሩ ጀርባ ተደብቆ «የሽማግሌውን ስም ንገሪኝ፤ ልጸልይለት» አለኝ። ሮቦቱን ኮርማ ብለነዋል። እዚህ ማንም አፉን ሞልቶ አይጠራውም፤ «ኮማ» ይሉታል።

ስለ ቻላቸው የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። አያ፣ አለምነህ እኮ የቻላቸው ሚዜ ነበር። ክትሩን ሲቆርጥ ቻላቸው ከታች መሆኑን ያውቅ ነበር ይላሉ? ንግሥቲ ሽማግሌዎች ለእርቅ መመላለስ ጀምረዋል አለችኝ። ምን አሏቸው?

ይብሉ፣ ይተኙ። ውድድሩ በመጋቢት ነው።

አክባሪዎ፣ አመተ ሥላሴ


ወረታ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አመተ ሥላሴ፣

እኔ አለሁ። ሚካኤል ይከተልሽ። መሥራቱን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ለሮሃን ጸሎቱን ለራሱ ያድርገው በይው።

ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጡ። በመጨረሻው ቀን ቄስ ኪዳነ ማርያም «ይሄይስ፣ ደም ሲከርም ይገማል። ቀን ቁረጥልን» አሉኝ።

«ቆርጫለሁ» አልኩ። «ነሐሴ ሃያ አራት፣ ሙት ዓመቱ ላይ። እኔ ቤት።»

«በነሐሴ? ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲሆን?»

«ውኃ ሲሆን።»

ሽማግሌው ሰውመሆን ሳቀ። «ይህ ሰው እርቁንም በታንኳ ሊያደርገው ነው» አለ። እኔ አልሳቅኩም፤ እሱም ተወው።

አሁን አንድ ሒሳብ ሥሪልኝ። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ግን ለራሱ ሒሳብ ራሱ ዳኛ የሆነ ሰው አይታመንም። ስልሳ ሁለት ኪሎ አለ፣ የቆመ። የቆመው ሳንቃ ላይ ነው፤ ሳንቃው አሥራ አራት ኪሎ ይመዝናል፤ ወርዱ ሦስት ስንዝር ሲሆን በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ታስሯል። ሳንቃው በሌላው ጎኑ ተነሥቶ የቆመውን ወደ ማጠፊያው በኩል መጣል አለበት። ሞተሩ የጭነት መኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ነው፣ ሃያ አራት ቮልት። ጥርሱ ስንት ለአንድ ይሁን? ቀስ ብሎ መነሣት የለበትም። በአንዴ ነው።

ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። መልሱን ብቻ።

ይሄይስ


ፑኔ
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሄይስ፣

እንኳን ለሁዳዴው ፍጻሜ በሰላም አደረስዎ።

ኮርማ አራት ጊዜ ተዋጋ፤ ሦስት አሸነፈ። በአራተኛው ባለ መጋዙ ጎማችንን ቆረጠው። ለጀማሪ ይህ ብዙ ነው፤ መምህራችን እጄን ጨብጦኛል።

ሁለተኛውን ግጥሚያ ግን ልንገርዎ። ባላጋራችን ከእኛ የበለጠ የተሠራ ነበር። ኮርማ ከጎኑ ገባ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሣጥኑ አየር ላይ ዞሮ በጀርባው ወደቀ። ጎማዎቹ ወደ ላይ ሆነው በባዶ ይዞራሉ። ዳኛው እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ሕዝቡ አብሮ ይቆጥራል። የሚነዳው ልጅ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ምንም የማይሠራውን መቆጣጠሪያ እየጨመቀ ነበር። መጀመሪያ ጮኼ ዘለልኩ። ሰባት ላይ ሲደርሱ መቆጣጠሪያዬን መሬት አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሒሳብዎን ሠራሁት። ጆንያ ወደ ማሽኑ አፍ ለመገልበጥ መስሎኛል፤ በዕድሜዎ መሸከሙን መተውዎ ጥሩ ነው። አሥራ ስምንት ለአንድ ይበቃል። እንዲያውም የቆመ ነገር ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሆነ የተቀመጠው፣ ሳንቃው አንድ ስንዝር ተኩል እንኳ ሳይነሣ ይወድቃል። የሚወድቅበትን በኩል ብቻ ሰው እንዳይቆምበት ይጠንቀቁ።

ስለ አለምነህ የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም።

አክባሪዎ፣ አመተ ሥላሴ


ወረታ
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመተ ሥላሴ፣

ቁጥርሽ ደረሰኝ። የእኔም አሥራ ስምንት ነበር።

ሞተሪኖውን ከጎንደር አስመጣሁ። በቤቴ ፊት ባለው ቦይ ላይ የነበረውን መሻገሪያ አንሥቼ አዲስ ሳንቃ አደረግሁ። አንዱ ደንበኛዬ «አያ፣ አሮጌው ምን ሆነ?» አለኝ። «በሰበሰ» አልኩ። «አልበሰበሰም ነበር» አለ። «እኔ በሰበሰ ካልኩ በስብሷል» አልኩት። ሩዙን አስፈልፍሎ ሄደ።

ያውቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ዶማ የያዘ ሰው ውኃ ወደ ታች እንደሚሄድ ያውቃል።

ይሄይስ


ፑኔ
ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሄይስ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎ ግን አልደረሰኝም፤ ያለፈው ወረቀትዎ ምርቃት አልነበረውም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳይመርቁኝ አልፈውኝ አያውቁም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ ፈለግኩ።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ስልሳ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የሩዝ ጆንያ የለም። የተሞላ ጆንያ ደግሞ ቦይ ላይ አይቆምም። ያ ቦይ በነሐሴ ሰው እንደሚውጥ ልጅ ሆኜ አውቃለሁ፤ እኛን እንዳንጠጋው በአለንጋ ያባረሩን እርስዎ ነዎት። አለምነህ ቀጭን ነው። አያ፣ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ለአንድ ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

ሐሰተኛ ቁጥር ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ እንደሚያውቁብኝ ስለማውቅ ተውኩት። ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ። ሒሳብዎ ተሳስቷል። የቆመ ብለው ሰጡኝ። ለእርቅ የሚመጣ ሰው ቆሞ አይመጣም። ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ነው የሚመጣው። ይህን ያላዩ ይመስል! ለስንቱ እርቅ ሽማግሌ ሆነው ተቀምጠዋል። ሰውመሆንም፣ ቄሱም፣ ሜዳው ላይ ከብት የሚጠብቅ ሁሉ የሚያውቀውን እርስዎ እንዴት ረሱት? የረሱት አለምነህን ሰው አድርገው ስላላሰቡት ነው። ክብደት አድርገው ነው ያሰቡት።

እባክዎ ያንን ሳንቃ ያንሡት። የቻላቸው እናት በሕይወት ብትኖር ኖሮ እግርዎ ላይ ትወድቅ ነበር። እኔ ከዚህ ሆኜ ወድቄያለሁ።

ልጅዎ አመተ ሥላሴ


ወረታ
ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመተ ሥላሴ፣

ትክክል ነሽ። ስህተት ሲነገረኝ አልክድም።

የተንበረከከ ሰው ክብደቱ ዝቅ ይላል፣ መቀመጫው ይሰፋል። ድንጋዩን አሥር ኪሎ ብዬ ጨመርኩበት። ጥርሱ አሁን ሃያ ስድስት ለአንድ ነው፤ ክንዱም በአራት ጣት ረዝሟል። የአሸዋ ጆንያ አጋድሜበት ሞከርኩት። ጆንያው ቦዩ ውስጥ ገባ።

ሰው አድርገው አላሰቡትም ላልሽው፣ ቻላቸውን ማን ሰው አድርጎ አሰበው?

ይሄይስ


ፑኔ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሄይስ፣

ወረቀትዎ ዛሬ ጠዋት ገባ። ይህ የኔው ሲደርስዎ ነሐሴ ሃያ አራት አልፎ ይሆናል። ስለዚህ አልጠበቅኩም። የአለምነህን ቁጥር ከንግሥቲ ተቀብዬ ደወልኩለት። ከእርስዎ ደብቄ ማድረግ አልፈለግኩም፤ ያደረግኩትን ይኸው ጽፌልዎታለሁ።

ሳንቃው ሥር ምን እንዳለ፣ ማን እንዳሰላው፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ «የአያ ይሄይስ ሥራ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እንግዲያስ ይሠራል» አለና ዘጋው።

መልሼ ብደውል አላነሳም። እባክዎ፣ ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ። የሆነው ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ።

አመተ ሥላሴ


ወረታ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አመተ ሥላሴ፣

መስቀል አለፈ። እኔ አለሁ። ጻፍ ብለሻልና የሆነውን እጽፋለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ቦዩ እስከ አፉ ሞልቶ የሰው ገለባ፣ የሰው አጥር ይዞ ይወርድ ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሞተሪኖው ማብሪያ ጋቢዬ ውስጥ፣ ቀኝ እጄ ላይ ነበር። ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀል ይዘው ቀድመው ተሻገሩ። ሰውመሆን ተከተለ። «ይሄይስ፣ ይህ ሳንቃህ ያረገርጋል» አለኝ። «አንተን ይችላል፤ እለፍ» አልኩት።

ከዚያ እሱ መጣ። ከቦዩ ወዲያ ተንበረከከ። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ነው። በጉልበቱ እየዳኸ ወጣና መሐል ሲደርስ መዳኹን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀጥሎ ጋቢዬን፣ እጄ ያለበትን ቦታ አየ። ወረቀትሽ ያኔ አልደረሰኝም ነበር፤ መደወልሽንም አላወቅሁም። ማወቁን ግን ከዓይኑ አወቅሁ።

ድንጋዩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ ቦዩ ለቀቀው።

ቄሱ ጮኹ። «ምን ማለትህ ነው? እንዲህ ያለ እርቅ የት አየህ?»

እሱ ለእርሳቸው አልመለሰም። «አያ፣ እኔን ብቻ ይመዝኑ» አለኝ።

ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። አልለመነም። የፊቱን ዝናብ እንኳ አልጠረገም። አውራ ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር፤ ማሽኑም ደህና ነበር፤ ያሰላሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ሰውመሆን አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየ «እናንተ ሰዎች ምን እየተባባላችሁ ነው?» ይላል። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ጋቢዬ ርሶ እጄ ላይ ተጣበቀ።

አልተጫንኩትም።

ይቅር አልከው ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ይቅር አላልኩትም። ሽማግሌዎቹን «ሂዱ፤ እኔ አልጨረስኩም» ብዬ አሰናበትኳቸው። ቄሱ አዝነው ሄዱ። እሱ በጉልበቱ ወደ ኋላው ተመለሰ።

ከመስከረም ወዲህ ግን በየቅዳሜው ይመጣል። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ሞልቷል፤ እሱ ጆንያውን ተሸክሞ እኔ ዘንድ ያመጣል። ሳንቃው መሐል ሲደርስ ቆሞ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ከዚያ ያልፋል። እፈለፍልለታለሁ፤ እብቁን ለይቼ እሰጠዋለሁ። አንነጋገርም። ሲመለስም መሐሉ ላይ ይቆማል። ደንበኞቼ ለምን እንደሚቆም ስለማያውቁ «ምን ይገትርሃል፣ እለፍ እንጂ!» ይሉታል።

መደወልሽን አልወቅስሽም። አላመሰግንሽምም። ሳንቃውን አላነሣሁትም፤ አንሡ ብለሽ ደግመሽ እንዳትጽፊ። ቦዩ በኅዳር ይደርቃል፤ በሐምሌ ይሞላል። የሞተሪኖውን ባትሪ ዓርብ ዓርብ እሞላዋለሁ።

አንድ ሒሳብ ቀርቶኛል። የመኪና ባትሪ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ነው አልሞላም የሚለው? እኔ ሦስት መቶ ብያለሁ። ሦስት መቶ ዓርብ ወደ ስድስት ዓመት ነው። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱ አርባም አልሞላው። በትክክል አስልተሽ ላኪልኝ።

ሚካኤል ይጠብቅሽ።

ይሄይስ